ወፍራም ሶል ያለው የሩጫ ጫማ ገዛሁ፤ ልያዘው ወይስ ልሽጠው?

የጦሳ_ጥላ (ደሴ) — ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም እናንተዬ። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ ወፍራም ሶል ያለው የሩጫ ጫማ ገዛሁ። ያ አሁን ሁሉም የሚያወራለት፣ ተረከዙ ጋ ድፎ ዳቦ የሚያህል ስፖንጅ ያለው። አዲስ አይደለም፣ ሳልባጅ ነው፤ ግን ንጹህ ነው። 4,500 ብር። ለባለቤቴ 2,000 ነው ያልኳት፤ እዚህ መድረክ ላይ እንደሌለች ተስፋ አለኝ።

ቤት ይዤው ስገባ አባባ በእጁ አገላብጦ አየውና «ትጫማዋለህ ወይስ ትሳፈረዋለህ?» አለኝ።

ስለ እኔ፦ 36 ዓመቴ ነው። 84 ኪሎ። በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ። ቀኝ ጉልበቴ ዓመት አልፎታል ማጉረምረም ከጀመረ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሀያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ 600 ሜትር ያህል ወደ ታች። ድሮ በአሮጌው ጫማ ያንን ስወርድ በማግስቱ ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ በጎኔ ነበር። በዚህኛው ግን በሰላም አደርኩ። ደስ አለኝ፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ።

በሳምንቱ ያንኑ ጫማ አድርጌ ጦሳ ተራራ ወጣሁ። መውጣቱ ምንም አልነበረውም። ስመለስ ባህር ዛፉ የሚያልቅበት ድንጋያማ መንገድ ላይ እንቁላል የምታህል ድንጋይ ረገጥኩ። በአሮጌው ጫማ ቢሆን ድንጋዩ ገና ሲነካኝ እግሬን አነሳ ነበር። በዚህኛው ግን ያወቅኩት ከታጠፍኩ በኋላ ነው። ወለም አለኝ። እያነከስኩ ወረድኩ። ይኸው አሥር ቀኔ።

እና ልሽጠው ወይስ ልያዘው? የለበሳችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

ባዶ_እግር (ወልድያ) — ሰኞ ማታ 3፡05

ሽጠው። ዛሬ ማታ ሽጠው።

እግር ዓይን አለው። መሬቱን የሚያየው በውስጥ እግርህ ነው። አንተ 4,500 ብር ከፍለህ ዓይኑን ሸፈንከው። እኛ ልጅ ሆነን ትምህርት ቤት የምንሄደው በባዶ እግር እየሮጥን ነበር። ወለምታ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም። ጣታችን ተበታትኖ መሬቱን እንደ እጅ ነበር የሚጨብጠው።

የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማን በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት ፈልጋችሁ አንብቡ። በባዶ እግር መሮጥ የለመደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በፊት እግሩ ነው የሚያርፈው፤ ያ ተረከዝ መሬት ሲመታ የሚመጣው ኃይለኛ ምት እሱ ጋ የለም። ወፍራም ተረከዝ የተሠራው በተረከዝ ለሚደበድብ ሰው ነው። ማን ነው በተረከዝ መደብደብ ያስተማረን? ጫማው ራሱ።

አበበ ቢቂላንም አትርሱ። ሮም፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ። 2፡15፡16። በዓለም ክብረ ወሰን።

ልጅ_ከመርሳ — ሰኞ ማታ 3፡11

አበበ ጉልበቱ አያጉረመርምም ነበር፣ 84 ኪሎም አልነበረም 😂

ጥላዬ፣ ጫማውን ከሸጥከው ግን 2,000 ብር ብለህ ነው መሸጥ ያለብህ። ሂሳቡ እንዳይበላሽ።

የድሮ_አሰልጣኝ (ደሴ) — ሰኞ ማታ 3፡50

ባዶ እግር ልጄ፣ ግማሹን ነው የተናገርከው። ቀሪውን ልሙላልህ።

አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ በባዶ እግር ደግሞ ልምምዱ ነበረው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ። 2፡12፡11። ሦስት ደቂቃ ፈጠነ፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ። ስለዚህ አበበን ለባዶ እግር ምስክር ስትጠራው ለጫማም እንደሚመሰክር እወቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የኖረ ነው። እኛ በባዶ እግር የሮጥነው መርጠን አይደለም፤ ጫማ ስለሌለን ነው። ያሠለጠንኳቸው ልጆች ውስጥ እሾህ ወግቷቸው፣ ጥፍራቸው ተነቅሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ የቀሩ አሉ። ስለነሱ ማንም አያወራም፤ የሚወራው ስለተረፉት ነው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ተወልዶ ከብት ሲከተል ያደገ ልጅ ጠንካራ የሆነው በብዙ ምክንያት ነው። «ጫማ ስላልነበረው» ብሎ መደምደም ድህነትን ማመስገን ነው።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። ጫማው ላይ አልፈርድም፣ ባየው ደስ ይለኛል። ግን አንድ ጫማ ለአስፋልትም ለጦሳም ማድረግህ ላይ ፈርጃለሁ።

ባዶ_እግር — ሰኞ ማታ 4፡02

አሰልጣኝ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፤ የቶኪዮውን ተቀብያለሁ። ግን የያኔው ጫማ ሶሉ ቀጭን ነበር። እንደ አሁኑ ድፎ አልነበረም።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ) — ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

ከሩጫ መልስ ነኝ፣ ሻይ ላይ። ሴት ነኝ፣ 52 ኪሎ። ይህን ዓይነት ጫማ ዓመት ከስምንት ወር አድርጌዋለሁ። እኔን የጠቀመኝም ያስለቀሰኝም እሱ ነው።

የጠቀመኝን ልጀምር። ቅልጥሜን ፊት ለፊት ያመኝ ነበር፤ ስነካው ያስጮኸኛል። ሁለት ወር አቆምኩ። ስመለስ በወፍራሙ ጀመርኩ፤ በአስፋልት፣ በቀስታ። እስካሁን አልተመለሰብኝም። ጫማው ነው ወይስ እረፍቱ? እግዜር ይወቀው፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

አሁን ማስለቀሱ። ክረምት ላይ ጭቃ ገባሁበት። ስፖንጁ ብዙ ቦታ ከታች ጎማ የለውም፣ ራቁቱን ነው። ጭቃው በስንጥቁ ገብቶ ተቀረቀረ፤ ጠጠርም አብሮት። እየሮጥኩ «ቀጭ ቀጭ» ይላል፣ እንደ ፈረስ። ቤት ደርሼ በማንኪያ እጄታ ነው የፈለፈልኩት። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ሳሙና ነው፤ አንዴ በቂጤ ቁጭ ብያለሁ፣ ሰዉ ሁሉ እያየ። በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ድርቅ ይላል። የመጀመሪያውን አንድ ኪሎ ሜትር እንጨት ነው። እግሬ ሲሞቅ ነው እሱም የሚሞቀው።

የሚገርማችሁን ልንገራችሁ፦ ይህን ወፍራም ሶል ፋሽን ያደረገው ሆካ የሚባለው የጫማ ኩባንያ ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ አኔሲ የተጀመረ። የአልፕስ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። የመሥራቾቹ ሐሳብ ደግሞ የተራራ ቁልቁለት በፍጥነት የሚያስወርድ ጫማ መሥራት ነበር! ማለትም ጥላዬ ተራራ ላይ ወለም ያለው ለተራራ በተፈጠረ ሐሳብ ነው። ልዩነቱ የነሱ ሶል ወፍራም ብቻ ሳይሆን ሰፊም መሆኑ ነው፤ እግር ስፖንጁ ላይ ሳይሆን ውስጡ ገባ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ከፍ ብሎ ጠባብ የሆነው ነው ገልባጭ። አይሱዙ አስቡ።

የአንተ ከታች ሰፊ ነው ጠባብ?

የጦሳ_ጥላ — ማክሰኞ ጠዋት 2፡30

አሁን ለካሁት። ፊቱ ጋ ሰፊ ነው፤ ተረከዙ ጋ ግን ጠበብ ብሏል። አይሱዙ ነው ለካ የገዛሁት።

ፊዚዮ_ነኝ (ደሴ) — ማክሰኞ ማታ 1፡15

ተረኛ ስለነበርኩ ዘገየሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።

መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱ። የዚያን ቀን አራት እርምጃ ረግጠህ መሄድ ችለህ ነበር? እያነከስክ ወርደሃል ስላልክ የቻልክ ይመስለኛል፤ ጥሩ ምልክት ነው። አጥንቱን በጣት ስትጫነው በጣም የሚያምህ ከሆነ ግን ራጅ ተነሳ። ወጌሻ ጋ ሄደህ ከሆነ አልቆጣህም፤ ብቻ ያበጠውን ደግመህ አታሳሸው። ሲሻልህ ጥርስህን ስትፋቅ በአንድ እግርህ ቁም። ሠላሳ ሰከንድ ሳትንገዳገድ ካልቆምክ ለጦሳ አልደረስክም፣ በየትኛውም ጫማ።

ወደ ሶሉ። «ወፍራም ይጠብቃል» የሚሉትም «ወፍራም ይጎዳል» የሚሉትም ጥናት አላቸው። ሁለቱን ላውራችሁ።

በ2018 እ.ኤ.አ. ፊንላንዶች አንድ ወፍራም ጫማና አንድ የተለመደ ጫማ አወዳደሩ። በሰዓት 14.5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ እግር መሬት ሲነካ የሚመጣው የመጀመሪያ ምት በወፍራሙ ጫማ በ10 በመቶ ገደማ ጨመረ። ጨመረ ነው ያልኩት። ለምን? እግር ሞኝ አይደለም። ከሥሩ ለስላሳ ነገር ሲያገኝ ራሱን ያደነድናል። ሲሚንቶ ላይ ዝላችሁ ስታርፉ ጉልበታችሁ ይታጠፋል፣ ፍራሽ ላይ ግን ያን ያህል አይታጠፍም። ፍራሹ የቆጠበላችሁን እግራችሁ መልሶ ያወጣዋል።

ሉክሰምበርግ ውስጥ ደግሞ ከ800 በላይ ሯጮችን ለስድስት ወር ተከታተሉ። ሁለት ጫማ፤ መልኩ አንድ፣ ልዩነቱ አንዱ ስፖንጁ ለስለስ ያለ፣ ሌላው ደረቅ ያለ መሆኑ ብቻ። ማን የቱን እንዳደረገ ሯጩም አያውቅም። ይበልጥ የተጎዱት ደረቁን ያደረጉት ሆኑ። ሐይቅ ዳር እህቴ፣ ይህን ላንቺ ነው፦ ልስላሴው በግልጽ የጠቀመው ቀላል ኪሎ ያላቸውን ነበር። ሁላችንም ወፍራም ጫማ ለወፍራም ሰው ነው ስንል ኖረን።

ልብ በሉ፣ ለስላሳና ወፍራም አንድ አይደሉም። ወፍራም ሆኖ ደረቅ አለ፤ ቀጭን ሆኖ ለስላሳም አለ።

ለታካሚዎቼ የምነግራቸው ጭነት አይጠፋም፣ ቦታ ይቀይራል ብዬ ነው። ቀጭን ጫማ ባትንና ከተረከዝ በላይ ያለውን ትልቁን ጅማት ያሠራል። ያልለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ቀጭን ሲገባ በዚያ በኩል ነው የሚመጣልኝ። ባዶ እግር ወንድሜ፣ ያንተን ምክር ሰምተው የመጡ አሉ 🙂 ወፍራምና አፍንጫው እንደ ጀልባ ቀና ያለ ጫማ ደግሞ ባትንና የእግር አውራ ጣትን ያሳርፋል። ከሥራው ከፊሉ ወደ ላይ፣ ወደ ጉልበት ይሄዳል።

በዚህ የተነሳ እኔ ይህን ጫማ በብዛት የማዘው ለሯጭ አይደለም። አውራ ጣታቸው ደርቆ ወደ ላይ አልታጠፍ ላላቸው ሰዎች ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ያማቸዋል፤ ጫማው ግን በነሱ ፋንታ ይንከባለልላቸዋል። ብዙ አባቶች አሉ እንዲህ፤ «ሪህ ነው» ብለው ዝም ያሉ።

የጦሳ_ጥላ — ማክሰኞ ማታ 1፡32

እህቴ አላህ ይስጥሽ። ረግጬ ሄጃለሁ፣ አጥንቱም አያመኝም። በአንድ እግር መቆሙን አሁን ሞከርኩት፤ አሥራ አንድ ሰከንድ። ያሳፍራል።

የድሮ_አሰልጣኝ — ማክሰኞ ማታ 2፡10

ውድድር የሚያስቡ ልጆች እያነበቡ ከሆነ ልጨምር። የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ሩጫ የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ቀልድ አይደለም። ደራራ ሁሪሳን አስታውሱት። መስከረም 2 ቀን 2014 ቪየና ማራቶንን በ2፡09፡22 አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ክሩን በጠሰ፣ ደስ አለው። ከዚያ ጫማው ሲለካ 5 ሴንቲ ሜትር። ተሰረዘ። ድሉ በሦስት ሰከንድ ከኋላው ለገባው ኬንያዊ ሄደ። በጣት ጥፍር ለምታህል ስፖንጅ 42 ኪሎ ሜትር በከንቱ። ለልምምድ የሚሆን ሁሉ ለውድድር አይሆንም።

«ወፍራም ሁሉ ከባድ ነው» የሚለውም ቀርቷል። ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ በመስከረም 2016 በ2፡11፡53 የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ነበር። ከሁለት ዕንቁላል ብዙም አይበልጥም። ሶሉ ግን እስከ ደንቡ ጫፍ የተጠጋ ነው። ዋጋው 500 ዶላር፤ አምራቹ ራሱ ለአንድ ማራቶን ነው ብሎ የሸጠው።

እሱን ከጥላ ጫማ ጋር አታምታቱት። የሷ ፈጥኖ ተመልሶ የሚነሳ ቀላል ስፖንጅና በውስጡ ካርቦን ያለበት ነው። የሳልባጁ ዓይነት በአብዛኛው ተራ ስፖንጅ ነው፤ ዝም ብሎ ይውጣል፣ አይመልስም።

ጫማ_ጠጋኙ (ኮምቦልቻ) — ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ሁሉም ስለ ስፖንጁ አወራ፤ ሳልባጅ ነው ያለውን ማንም ልብ አላለም!

ወንድሜ፣ ሳልባጅ ጫማ ስትገዛ የሌላ ሰው አረማመድ አብረህ ነው የምትገዛው። ያ ሰውዬ በውጭ በኩል የሚረግጥ ከነበረ ሶሉን በውጭ በኩል በልቶታል። ቀጭን ጫማ ላይ ያ ምንም አይደለም። ወፍራም ላይ ግን ሕንፃ ነው፤ ከሥሩ ትንሽ ካዘመመ ጫፉ ላይ ብዙ ነው።

እንዲህ አድርግ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከኋላ፣ በዓይንህ ልክ ዝቅ ብለህ እየው። ተረከዙ ቀጥ ብሏል ወይስ አዘንብሏል? ቀጥሎ ስፖንጁን በጎኑ በአውራ ጣትህ ተጫነው። ተመልሶ ከተነሳ ደህና። የጣትህ ምልክት ከቆየ፣ ወይም እንደ ሽማግሌ ግንባር የተጨማደደ መስመር ካለው ሞቷል። አንዳንዱ ደግሞ መልኩ አዲስ ነው፣ መጋዘን ስለቆየ ነው እንጂ አልተለበሰም። እሱ ይበልጥ አታላይ ነው። ስፖንጁ ከውስጥ ያረጀ ከሆነ ሁለት ቀን ስትሮጥበት እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል። በማስቲሽም አይያዝም፤ ስንቱን መልሻለሁ።

አዲስ ቢሆንም ዕድሜው ረጅም አይደለም። ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው የሚሉት። የሳልባጅ ሻጭ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ አይነግርህም፤ የመኪና ጌጅ የለው።

የጦሳ_ጥላ — ረቡዕ ጠዋት 3፡40

አያ ጠጋኙ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ግራው ቀጥ ያለ ነው። ቀኙ ወደ ውጭ አዘንብሏል፤ ካየሁት በኋላ እንዴት እንዳላየሁት ገረመኝ። ወለም ያለኝ ቀኝ እግሬ ነው።

ስፖንጁ ግን ተመልሶ ይነሳል። የተበላው ከታች ያለው ጎማ ነው።

ጫማ_ጠጋኙ — ረቡዕ ጠዋት 4፡05

ጎማው ብቻ ከሆነ አብሽር። ይዘኸው ና፣ እሞርደውና ቁራጭ ጎማ እጨምርለታለሁ። ግን በመኪና ና፣ ሮጠህ አትውረድ።

ባዶ_እግር — ረቡዕ ቀን 7፡20

እሺ፣ ግማሽ ጥፋቱ የማዘንበሉ ነው። ግን ቀጭን ጫማ ቢሆን ያዘነበለውን እግርህ ራሱ በመጀመሪያው ቀን ይነግርህ ነበር። ድፎው ነው የደበቀው። ከዚህ አልወርድም።

ሐይቅ_ዳር — ረቡዕ ቀን 8፡00

ባዶ እግር፣ እዚህ ላይ እውነትህን ነው። እኔም የጫማዬ ማለቅ የታወቀኝ ዘግይቶ ነው። አይናገርም፣ ዝም ብሎ ይሞታል። አሁን የምሮጥበትን ኪሎ ሜትር ካላንደር ላይ እጽፋለሁ። ለአቋራጩ መንገድ ደግሞ ቀጭኗን ሸራ መልሻታለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሃያ ደቂቃ። ባቴ ለሁለት ሳምንት ረገመኝ፣ አሁን ታርቀናል።

ልጅ_ከመርሳ — ረቡዕ ቀን 8፡12

የሁለት ጫማ ዋጋ ለባለቤቱ ስንት ሊላት ነው? 😂

የጦሳ_ጥላ — እሑድ ማታ 1፡50

የመጣውን ላውራችሁ።

ሐሙስ ኮምቦልቻ ወርጄ አያ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። በሞረድ ፋቀው፣ ከሞተ ጎማ ቁራጭ ቆርጦ ለጠፈበት፣ ጠረጴዛ ላይ አቆመው፤ ቀጥ አለ። መቶ ሃምሳ ብር። ሻይም ጋበዘኝ።

ለጦሳ አሮጌውን ጫማዬን ልይዝ፣ ይኼን ለአስፋልት ብቻ ላደርግ ወስኜ ነበር። በአንድ እግር መቆሙም ሃያ ሁለት ሰከንድ ደርሷል።

ዓርብ ከሥራ ስገባ ጫማው የለም። አባባም የለም።

ፊዚዮ እህቴ የጻፈችውን ማክሰኞ ማታ ጮክ ብዬ ለባለቤቴ ሳነብላት አባባ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሰማ አልመሰለኝም። ለካ የቀኝ አውራ ጣቱ ከታመመ ስድስት ዓመቱ ነው፤ «ሪህ ነው» እያለ። ቁጥራችን ደግሞ አንድ ነው፣ 42።

ከጁምዓ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት። ያንን ጫማ አድርጎ፣ በነጭ ጀለቢያ፣ ሳያነክስ። «መስጊድ በር ላይ አልተውከውም?» ስለው ከኪሱ የታጠፈ ፌስታል አወጣ። «በዚህ አድርጌ አጠገቤ አስቀመጥኩት» አለኝ። «አንተ እንዳልከው ሁለት ሺህ ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ በር ላይ እተወው ነበር።»

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

ልጅ_ከመርሳ — እሑድ ማታ 1፡53

😂😂😂 አላህ ይሁንህ ወንድሜ

ፊዚዮ_ነኝ — እሑድ ማታ 2፡20

አባባን ሰኞ ይዘሃቸው ና፤ ጣታቸውን ልየው። ለጊዜው ደልዳላ መንገድ ላይ ብቻ፣ ድንጋያማውን አይሞክሩት። ጫማውንም ይዘው ይምጡ።

የጦሳ_ጥላ — እሑድ ማታ 2፡24

ጫማውን አውልቁ ካልሽው አይመጣም።